የሰበታው ጥቁር ጠላ

ገብሱን ከአፈር፣ ጣዕሙን ከእሳት ለሚያወጣ፣ ለሰውም የሚያዝንበትንና የሚጽናናበትን በአንድ ጽዋ ቀድቶ ለሚሰጥ ለአብ፣ ለወልድ፣ ለመንፈስ ቅዱስ ምስጋና ይሁን። በስሙ ጀምሬ ይህን የምጽፈው፣ ዘንድሮ በሰበታ በአንዲት እናት ቤት፣ በታኅሣሥ ገብርኤል ዝክር ላይ፣ ከጎኔ የተቀመጠ እንግዳ ስላነሣው ጥያቄ ነው። ሰውየው ጽዋውን ደጋግሞ ካስሞላ በኋላ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «መሪጌታ፣ እኔ እንዲህ ያለ ጠላ ቀምሼ አላውቅም። አንቱ ግን ከንፈርዎን አርሰው አስቀመጡት። ጤናዎ ነው?» አለኝ። ጤናዬ እንዳልሆነ ነገርሁት። ምክንያቱን ግን በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ልነግረው አልቻልሁም፤ የቤቲቱ እመቤት ከደጃፉ ቆማ ትሰማን ነበርና። እነሆ አሁን በጽሑፍ እመልስለታለሁ።

ጠላው ጥቁር ነው። በብርጭቆ ቀድተው ለብርሃን ሲያዩት ጠርዙ ብቻ ቀላ ይላል። አፍ ላይ አስቀድሞ የሚደርሰው የተቆላ ገብስ ነው፤ እርሱን የብቅሉ ጣፋጭነት ይከተለዋል፤ ስኳር ያልነካው፣ ዓይነ አፋር የሆነ፣ ታየ ሲባል የሚሰወር ጣፋጭነት። ጌሾው ከሁሉ ኋላ መጥቶ አፍን አጽድቶ ይሄዳል። ለጠላ ይህን ያህል ቃል ማውጣት ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ይበዛበታል የሚል ቢኖር አልቀየመውም። እኔ ግን ይህን ጣዕም ያወቅሁት በመጠጥ ቤት ሳይሆን በሰንበቴ ነው።

እኔና የቅኔ መምህሬ በሰበታ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን አብረን አገልግለናል። እርሳቸው ጉባኤ ዘርግተው ያስተምራሉ፣ እኔ ማኅሌቱን እመራለሁ። ሰንበት ቅዳሴው ሲያልቅ ምእመናኑ በየተራቸው ዳቦና ጠላ ይዘው በሰንበቴው ቤት ይሰበሰባሉ። የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ተራ በደረሰ ጊዜ ግን ወደ ቤቱ የሚቸኩል ሰው አይገኝም ነበር። አባወራው ሁላችንም በኦሮምኛ አቶ እንደ ማለት ኦቦ እያልን የምንጠራው፣ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ የሚጨርስ፣ ጨዋታ አዋቂ ክርስቲያን ነበረ። ጠላውን የምትጠምቀው እናቱ ነበረች፤ እርሷ ስትደክም ሙያውን ለምራቷ አወረሰቻት። ገብሱን በውኃ አርሰው ያደርቁታል፣ ይፈጩታል፣ ዱቄቱን አቡክተው በብረት ምጣድ ላይ እያማሰሉ እስኪጠቁር ያበስሉታል፤ ይህን እንኩሮ ይሉታል። ጥቁረቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። መቼ ከእሳት እንደሚወርድ የምታውቀው የምታማስለዋ ብቻ ናት። ትንሽ ከዘገየች ይመርራል፣ ትንሽ ከቸኮለች ይነጣል።

የኔታ በመጠጥ ነገር እጅግ ቁጥብ ነበሩ። ከዚያ ጠላ ግን አንዲት ጽዋ ይቀበሉና ዕድሜዋን አስረዝመው፣ እያወጉ፣ እያጣጣሙ ይጠጧታል። «ሌላው ጠላ ጥም ይቆርጣል፤ ይህ ግን ነገር ያስታውሳል» ይሉ ነበር። ምን እንደሚያስታውሳቸው ነግረውን አያውቁም።

ዘመን ሁሉን ይበትናል። ኦቦም እናቱም ዐረፉ። የኔታ ዓይናቸው ሲደክም ሱሉልታ ወዳለችው የእኅታቸው ልጅ ቤት ሄዱ። እኔም ባለቤቴን ከቀበርሁ በኋላ ከገፈርሳው ውኃ አጠገብ፣ ቡራዩ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ባለች ጠባብ ቤት ተቀመጥሁ። ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከበው ስለሚገኙ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ዋና ከተማዋን አቋርጦ ነው። በደኅናው ዘመን ያ ምንም አልነበረም።

ከዚያ የማስተር ፕላን ወሬ መጣ። ከተማዋ ሰፍታ ዙሪያዋን ትጠቀልላለች ተባለ። በማሳው ዳር ችካል ተተከለ። ገበሬው የአያቱን መሬት እንደ ሰው መሬት ቆሞ የሚያይበት፣ ወጣቱ አደባባይ የሚወጣበት፣ መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ የሚዘጋበት ጊዜ ሆነ። ብዙ እናቶች ማታ ልጅ ቆጥረው አላገኙም። ስለ መንግሥት ነገር የመጻፍ ዕውቀትም ሥልጣንም የለኝም። የማውቀው የአንዲት እናትን ቤት ነው፤ ወደዚያ ቤት የወሰደኝም የየኔታ ሕመም ነው።

ጾመ ነቢያት ከመግባቱ አስቀድሞ የእኅታቸው ልጅ ስልክ ደውላ፣ «መሪጌታ፣ እህል እንቢ ብለዋል፤ ይምጡና ይገሥጹልኝ» አለችኝ። ሄድሁ። የኔታ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተው ነበር። ድምፄን ሲሰሙ ብቻ ፊታቸውን መለሱ።

«መጣህ፣ አንተ ሽማግሌ?»

«መጣሁ የኔታ። ለምንድን ነው እህል እንቢ ያሉት?»

«እህሉ ነው እንቢ ያለኝ እንጂ እኔ አላልሁም። ሁሉም ነገር አመድ አመድ ይለኛል።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

ይህን የጠየቅሁት ልጅቱን ነበር። ዓይኗን ወደ መሬት ሰበር አድርጋ፣ «ያማራቸውን ስጧቸው ብሏል» አለችኝ። ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ ሦስታችንም ስለምናውቅ ማንም አልተረጎመውም።

«እንግዲህ ምን አማረዎት?» አልኋቸው።

አንድ ነገር በሩቅ እንዳየ ሰው ፈገግ ብለው፣ «የሰበታው ጥቁር ጠላ» አሉ።

በዚያ ሳምንት የሰበታ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ በቅርብ ያለውን ለመሞከር ወሰንሁ። ልጅቱ ከሱሉልታ ጠላ ቤት አንድ ጣሳ አስመጣች፤ የኔታ ምላሳቸውን አስነክተው፣ «ይህ ጌሾ ነው፤ ገብሱ ወዴት ሄደ?» ብለው መለሱት። እኔም ቡራዩ ስመለስ ሰው የመከረኝን አደረግሁ። በጠርሙስ የሚሸጥ ጥቁር ቢራ አለ፣ ጣፈጥ ይላል ብለውኝ ነበርና ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ አንድ ግሮሰሪ ገባሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። የሚጠጡት ሰዎች ብርጭቋቸውን ከጠረጴዛ ሥር ሊሸሽጉ ሞከሩ።

«አባቴ፣ ለጠበል ቤት መዋጮ ነው?» አለኝ አስተናጋጁ።

«አይደለም። ጥቁር ቢራ ፈልጌ ነው።»

ሰውየው ወደ ኋላ ዞሮ የቤቱን ባለቤት አየ፤ ባለቤቱም እኔን አየኝ። «ቀዝቃዛ ነው ወይስ ለብ ያለ?» አለኝ በመጨረሻ፣ ቅዳሴ መካከል እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከጥግ አንዱ ጠጪ፣ «እንግዲህ መሪጌታም ከመጡ እኛ ምን አጠፋን?» ሲል ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። የኔታ ከእርሱም አንድ ጉንጭ ወሰዱ። መልካም እንደ ሆነ አልካዱም። ነገር ግን፣ «ደግ መጠጥ ነው። የሚያስታውሰኝ ግን የለም» ብለው ጽዋውን ወደ እኔ ገፉት።

መንገዱ ሲከፈት ሰበታ ሄድሁ። ሙያውን ከአማቷ የወረሰችው የኦቦ ሚስት አሁን ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከአንድ ወንድ ልጅ በቀር ሌላ የላትም። ከደጃፏ ስደርስ ከአጥሩ ጥግ ጋኑን አየሁት። አፉ ወደ መሬት ተደፍቶ ነበር።

በዚያ ሠፈር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ልጅም ያውቀዋል። ከቤቱ ሰው ሲሞት የጠላው ጋን ይደፋል፤ እስከ ዓመቱም ብቅል አይበቅልም፣ ጥንስስ አይጠነሰስም። እግሬ ቆመ። ልጁ ሞቷል ብዬ፣ ሳልሰማ በመቅረቴም አፍሬ፣ ለልቅሶ እንደሚገባ ሰው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ፣ መሪጌታ» አለች ከመቀመጫዋ ተነሥታ። ከዚያ ነጠላዬን አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ምነው አዘቀዘቁት? ሰምተው ነው? የሰሙት ነገር አለ?»

«አልሰማሁም ልጄ። ጋኑን አይቼ ነው።»

ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ነገረችኝ። ልጁ በገበያ ቀን ለከብቶቹ ፉርሽካ ሊገዛ ወጣ። በዚያው ቀን ገበያው ተረበሸ፣ ወጣቶች ታፈሱ። እርሱ አልተመለሰም። በየጣቢያው ደጅ ቆማ ጠየቀች፤ የለም አሏት። በየሆስፒታሉ ጠየቀች፤ የለም አሏት። ሞተ ያላት የለም፣ አለ ያላትም የለም።

«ታዲያ ጋኑን ማን ደፋው?»

«ጎረቤቶቼ። እኔ ስፈልገው ውዬ ስመለስ ተደፍቶ አገኘሁት። አዝነው ነው እንጂ ክፉ አስበው አይደለም።»

«ለምን አላቃናሽውም?»

«እጄ ሄዶ ነበር። ከዚያ ፈራሁ። ባቃናው፣ ልጇ ጠፍቶ ጠላ አማራት ይሉኛል። ብተወው ደግሞ…» ጋኑ ወዳለበት አየች። «ብተወው ደግሞ፣ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ልጄን የቀበርሁት እኔ ራሴ ይመስለኛል። አንቱም ይኸው አይተው ነጠላ አዘቀዘቁ።»

ነጠላዬን አቃናሁ። የመጣሁበትን ነገር ከዚህ በኋላ ማውጣት ነውር መስሎኝ ተነሥቼ ልሄድ ስል እርሷው ያዘችኝ። «መሪጌታ፣ ከቡራዩ በዚህ መንገድ በከንቱ አይመጡም። ምን ፈልገው ነው?» አለች። ነገርኋት፤ የየኔታን መታመም፣ እህል እንቢ ማለታቸውን፣ ያማራቸውን። ለአፍታ ፈገግታ ፊቷ ላይ መጣ።

«የኔታ ዛሬም ጠላ ያማርጣሉ?»

«የሱሉልታውን መለሱ፣ የቡራዩንም መለሱ።»

«አማቴ ብትሰማ እንዴት ደስ ባላት» አለች።

ያን ጊዜ ያሰብሁትን ተናገርሁ። «ልጄ፣ ዝክር ድግስ አይደለም፤ ልቅሶም አይደለም። የታኅሣሥ ገብርኤል ቀርቧል። ሦስቱን ወጣቶች በእሳቱ ውስጥ የጠበቀው መልአክ ነው፤ ስለ ልጅሽ ዘክሪው። ሰው የሚለው አይኖርም።»

ተነሥታ ወጣች። ተከተልኋት። ጋኑ ትልቅ ነው፤ ላግዛት እጄን ስዘረጋ፣ «ይተዉት» አለችኝ። በጉልበቷ ተንበርክካ፣ በደረቷ ደግፋ፣ አቃናችው። ከሥሩ ያለው ሣር ፀሐይ አጥቶ ነጥቶ ነበር። ነጩን ሣር ቆማ ስታየው ቆየችና፣ «አልሞተም፤ ነጣ እንጂ» አለች፤ ስለ ሣሩ ይሁን ስለ ሌላ አልጠየቅኋትም።

ስሰናበታት አንድ ነገር አደራ አለችኝ። «የኔታ ሲቀምሱ የልጄን የክርስትና ስም ይጥሩልኝ። የት እንደሚጠሩት ግን እኔ አልናገርም። ከሕያዋን ይሁን ከሙታን እርሳቸው ይወቁ። እኔ አላውቅም፣ መሪጌታ፤ እናት ሆኜ አላውቅም።»

ብቅሉ በቀለ፣ ጥንስሱ ተነሣ። በዝክሩ ዕለት ዳቦውን ባርኬ ጠላው ተቀዳ። ጋኑን የደፉት ጎረቤቶችም መጥተው ነበር። ከእነርሱ አንዷ፣ በሠፈሩ በምላሷ የታወቀች ሴት፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ጋኑን አየችና፣ «ሦስት ሆነን የደፋነውን ብቻሽን አቃናሽው? ጉልበትሽስ ደኅና ነው» አለች። ይህን ብላ ግን አንገቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ሌሎቹም አለቀሱ፤ ከዚያ ሁሉም ዓይኑን ጠርጎ ጠጣ። እኔም ሰዓቱ ሲደርስ ቀመስሁ። ከዱሮው ይልቅ ጠቁሯል። ጣፋጭነቱ አለ፤ ነገር ግን ከኋላው የሆነ ምሬት ይከተለዋል። ከምን እንደ መጣ አወቅሁት።

በማግስቱ ማለዳ ቢጫ ጀሪካን በጌሾ ቅጠል አጥባ ሞላችልኝ። ጠላው ገና የሚተነፍስ ስለ ሆነ ክዳኑን እንዳላጠብቀው ነገረችኝ። ዓለም ገና ከተማ ላይ መንገድ የዘጉ ወጣቶች ሚኒባሱን አስቁመው ጀሪካኑን አዩ። አንዱ አሽትቶ ለጓደኞቹ «ፋርሶ ዳ» ሲላቸው፣ ጠላ ነው ማለቱ ነው፣ ድንጋዩን አንከባልለው አሳለፉን። አዲስ አበባን አቋርጬ ሌላ ሚኒባስ ይዤ ወደ ሱሉልታ ዳገቱን ስንወጣ ግን የፖሊስ ፍተሻ ነበር። በዚያ ጊዜ ቤንዚን በጀሪካን መያዝ የተከለከለ ነበር። ጥቁር ነገር የሞላ፣ ክዳኑ ላይ አረፋ የሚያወጣ ጀሪካን በአንድ ሽማግሌ ጉልበት መካከል ሲታይ ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ብቻ ታየኝ።

«አባቴ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለኝ ፖሊሱ። ወጣት ነው፤ ከአነጋገሩ ከወደ ደቡብ የመጣ ይመስላል።

«ጠላ ነው ልጄ።»

«እንዲህ የጠቆረ ጠላ አላየሁም። ይቅመሱልኝ።»

«ጾመኛ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም።»

ፊቱ ጠጠረ። «ጠላ ከሆነ ምን ያስፈራዎታል?»

«ያልሁህ ነው። አንተ ቅመሰውና እርግጡን እወቅ።»

«እኔ?» አለና ወደ ኋላ ሸሸ። «እኔ ጌታን የተቀበልሁ ነኝ፣ አባቴ። መጠጥ አልነካም።»

ሁለታችን ጀሪካኑን በመካከል አድርገን ቆምን። እርሱ በእምነቱ አይቀምስ፣ እኔ በጾሜ አልቀምስ። ሌላው ባልደረባው ከሩቅ፣ «ድፋው በቃ» ብሎ ጮኸ። ጀሪካኑን በሁለት እጄ ያዝሁት። የየኔታ ምኞት፣ የዚያች እናት ጉልበት፣ የልጁ ስም፣ ሁሉም በዚያች ጀሪካን ውስጥ ነበሩ። ብቀምሰው ምን ነበረበት የሚለኝ ይኖራል። ያን ዕለት ስለ ልጁ ይዤው የነበረውን ጾም በምን ልብ እፈታዋለሁ? ቀና ብዬ፣ «ልጄ፣ ለሚሞት ሰው የምወስደው ነው» አልሁት።

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዲት የጎመን ጆንያ የያዘች ነጋዴ ተነሣች። «እናንተ ሁለታችሁ ስትጸድቁ እኔ ገበያ ሊያልፍብኝ ነው። አምጡት፤ ኃጢአተኛዋ ልቅመስላችሁ» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። በክዳኑ ቀድቼ ሰጠኋት። ጠጣችው፤ ሳቋ ግን ቆመ። «ጠላ ነው» አለች ዝቅ ብላ። «ደግሞም የደግ ሰው እጅ ነው። እንዳትደፉት።» ፖሊሱ ክዳኑን ተቀብሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። «እናቴ ጌታን ሳትቀበል በፊት የእኛም ቤት እንዲህ ይሸት ነበር» ብሎ በገዛ እጁ ከደነው፣ ክዳኑንም እንዳያጠብቀው ተጠንቅቆ። «ይሂዱ፣ አባቴ። እግዚአብሔር ይማራቸው።»

የኔታ ቀና ተደርገው ተቀመጡ። በሰንበቴ ዘመን ይጠጡባት በነበረችው ጽዋ ቀዳሁላቸው። የልጁን ነገር እንዳልነግራቸው፣ እንዳላደክማቸው፣ በመንገድ ሁሉ ስወስን መጥቻለሁ፤ ስሙን ለምን እንደሚጠሩ ሌላ ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር። አንድ ጉንጭ ወሰዱ። በአፋቸው ያዙት። ፊታቸው በራ። «እርሱ ነው» አሉ። «የሰበታው ነው።» ሁለተኛ ጉንጭ ወሰዱ። ያን ጊዜ ግንባራቸው ተቋጠረ።

«እንኩሮው ከልኩ አልፎ ጠቁሯል» አሉ። «ይህች ልጅ እንዲህ አታሳርርም ነበር። ስታማስል ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበረ። ምን ሆነች?»

ያዘጋጀሁት ምክንያት ሁሉ ጠፋኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ገበያውን፣ ጋኑን፣ የነጣውን ሣር፣ የት ይጠሩት የሚለውን አደራዋን። እስኪፈጸም ሰሙኝ። ጽዋው በሁለት እጃቸው መካከል ነበር።

«ሞተ ያለ ምስክር አለ?»

«የለም፣ የኔታ።»

«እንግዲያስ ምስክር ሳይኖር ሰው አንቀብርም» አሉ። «ስሙን ንገረኝ።»

ነገርኋቸው። እዚህ ግን አልጽፈውም። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ እንድመልሰው አደረጉኝ፤ በዚያ በደከመ ድምፅ ጸሎታቸውን ጀመሩ፤ በመንገድ ያሉትን፣ የታመሙትን፣ የታሰሩትን ከሚያስቡበት ሲደርሱ የልጁን ስም ጠሩ፤ ከሕያዋን ጋር። ያረፉትን ከሚያስቡበት ሲደርሱ ደግሞ የኦቦን ስም ጠሩ፤ የእናቱንም ጠሩ፤ ልጁን ግን አልደገሙትም። ከዚያ ጽዋቸውን፣ ምሬቱንም ጭምር፣ ጨረሱ። ከዚያ ቀን በኋላ እህል በአፋቸው አልዞረም። በልደት ዋዜማ ዐረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ባዶውን ጀሪካን ላነሣ ስል የእኅታቸው ልጅ ተቀበለችኝ። «የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም» ብላ የሱሉልታ ገብስ ሞላችበት። ተሸክሜው ሰበታ ሄድሁ። እናቲቱ ከደጃፉ ቆማ ጠበቀችኝ። ስለ የኔታ ማረፍ አስቀድማ ሰምታ ነበር። አለቀሰችላቸው፤ ከዚያ ዓይኗን ሳትጠርግ፣

«የት ጠሩት?» አለችኝ።

«ከሕያዋን ጋር።»

ጀሪካኑን ተቀብላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ፣ ከጋኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አልተነሣችም።

ዓመታት አለፉ። ፕላኑ ቀረ ተባለ። በኋላም እስረኞች በየጊዜው ተፈቱ፤ እናቲቱ በየደጁ ሄዳ ቆመች፣ የሚወጡትን ፊት ሁሉ አየች። ልጇ አልነበረባቸውም። ከሠፈሩ ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ፣ «መሪጌታ፣ እስከ መቼ? ተዝካሩን ታውጣለትና ትረፍ» ይሉኛል። ለመልካም ነው የሚናገሩት። እኔም ሌሊት አስበዋለሁ፤ ልቤ ወዴት እንደሚያዘነብል እግዚአብሔር ያውቃል። ነገር ግን ያንን ስም ከሕያዋን ጋር ያስቀመጡት የኔታ ናቸው፤ ምስክር ሳይመጣ ለማንሣት ሥልጣን የለኝም። በየዓመቱ የታኅሣሥ ገብርኤል ሲደርስ ከዚያ ከሱሉልታው ገብስ ዘር አብቅላ ትጠምቃለች። እኔም ሄጄ ስሙን በቦታው እጠራዋለሁ። ጋኑ ቆሟል። ከሥሩ ነጥቶ የነበረው ሣር ለምልሟል፤ እንኩሮዋ ግን ወደ ዱሮው ልኩ አልተመለሰም፣ ዛሬም ትንሽ ያርራል።

እንግዳዬ ሆይ፣ ጽዋዬን የማልጨርሰው ስለዚህ ነው። ከጣዕሙ የሚበልጥ ደስታ በምድራዊ መጠጥ አላውቅም፤ ቢፈቀድልኝ ከአንተም እበልጥ ነበር። ነገር ግን ያ ጠላ የሚጠመቀው ለአንድ ሰው ነው፣ እርሱም ገና አልመጣም። በጽዋዬ የምተወው የእርሱን ድርሻ ነው። ማዕዱ ሲነሣ እናቲቱ ጽዋዬን ለብቻው አንሥታ፣ ሳትደፋው፣ ወደ ጓዳ ስታስገባው አይተህ ይሆናል።

ይህን ያነበብህ፣ ያነበብሽ ሁሉ፣ የወጣው ልጅህ በደኅና ይግባልህ፣ የጠበቅሽው ደጅሽን ያንኳኳልሽ። በቤታችሁ የቆመ ዕቃ አይደፋ፤ በማዕዳችሁ ዙሪያ የጎደለ ቦታ ቢኖር ጌታ በቸርነቱ ይሙላው፤ ሐዘን ቢገባ መጽናናት ተከትሎት ይግባ። ታናናሾቻችሁ ታላላቆቻችሁን ለመቅበር ይብቁ፣ ታላላቆቻችሁ ታናናሾቻችሁን ለመመረቅ ይብቁ። አሜን።